ካምቢዮው ሲጮህ የትኛውን ዘይት እንሙላ?

ከዓመታት በፊት ማንዋል ኮሮላ ነበረችኝ። ጠዋት አስነስቼ ዜሮ ማርሽ ላይ ስተዋት ከሥር "እርርር" ትላለች። ፍሪሲዮን ስረግጥ ዝም፤ ስለቅ ደግሞ "እርርር"። ሰፈር ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ሥሯ ሊገባ ይቅርና ቦኔቷንም አልከፈተም። "የዘይት ነገር ነው፣ ወፈር ያለ እናድርግላት" አለኝ። 140 ቁጥር ሞላልኝ። ድምፁም የእውነት ቀነሰ።

ደስታዬ የቆየው ግን እስከ ኅዳር ብርድ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ አልገባ አለኝ። በግድ ስገፋው "ክርር" ይላል። ሲሞቅ ይሻለዋል፣ በማግስቱ ያው ነው። ወራት እንዲህ ነዳኋት። በመጨረሻ ካምቢዮው ወርዶ ሲከፈት የሚጮኸው ከሞተር ኃይል የሚቀበለው ዘንግ ኩሽኔታ ሆኖ ተገኘ። ዘይቱ ድምፁን ሸፈነልኝ እንጂ ኩሽኔታውን አላዳነውም። በላዩ ላይ የሁለተኛ ማርሽ የነሐስ ቀለበት ተበልቶ ጠበቀኝ። አንድ ጥፋት ይዤ ገብቼ ሁለት ይዤ ወጣሁ።

ስለዚህ "ካምቢዮዬ ይጮሃል፣ የትኛውን ዘይት ልግዛ?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ የሚጮኸውን እንለይ። ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱ ምን ይሠራል?

ይህን ካልተረዳን ጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ ትርጉም አይሰጠንም። ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

የማንዋል ካምቢዮ ዘይት ሁለት የሚጋጩ ሥራዎች አሉት። አንደኛው ማንሸራተት ነው። ጥርሶቹ እርስ በርስ ሲጫኑ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ መሀል ይገባል፤ ኩሽኔታዎቹንም ያርሳል። ሁለተኛው ደግሞ ማንሸራተትን እስከ ልኩ መተው ነው። ማርሽ ስንቀይር ሲንክሮናይዘር የሚባለው የነሐስ ቀለበት የማርሹን ሾጣጣ አንገት ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። በመያዙ የሁለቱ ፍጥነት ይስተካከላል፤ ማርሹም ያለ ጩኸት ይገባል። ዘይቱ ከመጠን በላይ አንሸራታች ከሆነ ቀለበቱ መያዝ ያቅተዋል። ከመጠን በላይ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ቀለበቱ ዘይቱን ገፍቶ ሾጣጣው ላይ ለመድረስ ይዘገያል። በሁለቱም ውጤቱ አንድ ነው፦ "ክርር"።

"ጠንካራ ዘይት" ወይም "ወፍራም ዘይት" ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚለው አባባል እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው።

መጀመሪያ፦ ጆሮ

ቀጥ ያለና ጸጥ ያለ ቦታ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ። ሬዲዮ፣ ኤሲ፣ ሁሉንም ዝጉ። ሞተሩ በሚኒሞ ይሥራ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን።

አሁን እግራችሁን ከፍሪሲዮን ላይ አንሱና አዳምጡ። ድምፅ አለ? ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ርገጡ። ድምፁ ከጠፋ፣ ልክ እንደ እኔዋ ኮሮላ፣ ጥርጣሬው ካምቢዮው ውስጥ ያለው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ላይ ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ያ ዘንግ መዞር ስለሚያቆም ነው ዝም የሚለው። ዘይት ጎድሎ ከሆነ በጊዜ ከተደረሰበት ይተርፍ ይሆናል። አንዴ ከተበላ ግን ዘይት አይመልሰውም።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ከሆነስ? ማለትም ሳትረግጡ ዝም፣ ስትረግጡ "ፅፅፅ" ወይም "ዥዥዥ" ካለ፣ ያ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። የሚቀመጠው ከካምቢዮው ዘይት ውጭ ነው። በዓለም ላይ ያለውን ዘይት ሁሉ ብትቀይሩ አንድም ለውጥ አታዩም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው።

ቀጥሎ መንገድ ላይ ውጡ። አንድ ማርሽ ላይ ብቻ የሚያለቅስ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሦስተኛ ላይ "ዊዊዊ" ብሎ አራተኛ ላይ ጸጥ ካለ፣ የዚያ ማርሽ ጥርስ ተጎድቷል ማለት ነው። ድምፅ የሚሰማው ማርሽ ሲገባ ብቻ ከሆነና ከገባ በኋላ ሰላም ከሆነ፣ ጉዳዩ ሲንክሮናይዘር ነው፤ ወይም ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ቀላል መላ አለ። ሞተሩን አጥፉና ሁሉንም ማርሽ በየተራ አስገቡ። ጠፍቶ እያለ እንደ ቅቤ ከገባ፣ ሲነሳ ግን ከእናንተ ጋር የሚታገል ከሆነና የኋላ ማርሽም የሚጮህ ከሆነ፣ ከዘይት በፊት ፍሪሲዮኑን አሳዩ።

የትም ማርሽ ላይ ቢሆን በመኪናው ፍጥነት ልክ የሚጨምር "ኡኡኡ" ደግሞ የዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል) ወይም የጎማ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ሰፊ ባዶ ቦታ ላይ ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አጠማዙ። ድምፁ ሲጠመዘዝ ከጨመረ ወይም ከቀነሰ ጎማውን ጠርጥሩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዘይት በእርግጥ ሊረዳቸው የሚችሉት ሦስት ናቸው፦ ብርድ ላይ የሚከብድ ማርሽ፣ ሲገባ የሚንኮሻኮሽ ማርሽ፣ እና ዘይት በማነሱ ወይም በማርጀቱ የመጣ አጠቃላይ "እምምም"።

ሁለተኛ፦ ልኩ ሙሉ ነው?

የሞተር ዘይት መለኪያ ዘንግ አለው። አብዛኛው ማንዋል ካምቢዮ ግን የለውም። ለዚህ ነው ዓመታት የሚረሳው። በሰሚያሱ (ኃይሉን ወደ ጎማ የሚወስደው ዘንግ) የዘይት ማገጃ ጎማ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ያልቃል፣ ማንም አያየውም።

መኪናው ከፊትም ከኋላም እኩል መቆም አለበት። ፊቱን ብቻ አንስታችሁ ብትለኩ ውጤቱ ይዋሻል። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ይመረጣል። ክሪክ ብቻ አምናችሁ በፍጹም ሥሩ አትግቡ፤ የብረት ማቆሚያ ይደረግበት። ከካምቢዮው ጎን ከፍ ብሎ ያለው ብሎን የመሙያው ነው፤ ከታች ያለው የማፍሰሻው። የመሙያውን ፍቱና ጣታችሁን አስገብታችሁ ወደ ታች አጠፍ አድርጉት። ዘይቱ ከቀዳዳው ከንፈር እኩል ሊነካችሁ ይገባል። ጣታችሁ ደርቆ ከወጣ መልሱን አገኛችሁት። ግማሽ ሊትር የጎደለው ካምቢዮ የትኛውንም ውድ ዘይት ከሞላው ካምቢዮ በላይ ይጮሃል።

ሦስተኛ፦ አሮጌው ዘይት የሚናገረውን ስሙ

ማፍሰሻው ብሎን ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ማግኔት አለ። እኔ ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው። ብሎኑን ስታወጡ ማግኔቱ ላይ ጥቁር ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር ተለጥፎ ታያላችሁ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል አሹት። እንደ ቅባት ለስልሶ፣ ምንም ሳይቆረቁር ጣታችሁን ካጠቆረው ደህና ነው፤ የዓመታት ተፈጥሯዊ ብናኝ ነው። ከቆረቆረ፣ ወይም እንደ መርፌ ጫፍ የሾለ ስባሪ ከወጣ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየፈረሰ ነው። ያኔ ዘይት መምረጡን ተዉትና ካምቢዮው ይከፈት።

ከዚያ ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ላይ አንጠባጥቡና ፀሐይ ላይ ያዙት። ወርቃማ ብልጭ ብልጭ የሚል አቧራ ካለበት የነሐስ ቀለበቱ እየተበላ ነው። ማግኔት ነሐስን አይስብም፤ ስለዚህ ብሎኑ ንጹሕ ሆኖ ዘይቱ ሊያብረቀርቅ ይችላል። የወተት መልክ ከያዘ ውሃ ገብቶበታል። ክረምት ላይ ጎርፍ የሞላ መንገድ ያቋረጠ መኪና ይህ ይደርስበታል፤ የሞቀ ካምቢዮ ድንገት ሲቀዘቅዝ በመተንፈሻው በኩል ውሃ ይስባል። እንዲህ ያለ ዘይት ነገ ሳይባል ዛሬ ይቀየራል።

አራተኛ፦ ጣሳው ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች

አሁን ወደ ሱቅ። ጣሳው ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ሁለት ነገሮችን ፈልጉ። አንዱ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 ይላል። ሌላው 75ደብሊው-90 ዓይነት ነው።

ጂኤል የሚለው ኤፒአይ የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ ተቋም ያወጣው መለያ ነው፤ ዘይቱ ጥርስን ከከባድ ጫና የሚከላከል ኬሚካል ምን ያህል እንደያዘ ይነግራል። ጂኤል-5 ከጂኤል-4 ሁለት እጥፍ ገደማ ይይዛል። የተሠራውም ሃይፖይድ ለሚባለው የዲፈረንሻል ጥርስ ነው፤ ያ ጥርስ ሲዞር እየተንሸራተተ ስለሚፋጭ ጠንካራ መከላከያ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ታዲያ "5 ከ4 ይበልጣል" ብሎ ካምቢዮው ውስጥ ጂኤል-5 ይጨምራል። እነዚህ ቁጥሮች ግን የክፍል ደረጃ አይደሉም። የጂኤል-5 ኬሚካል የነሐስ ቀለበቱን መያዣ ያሟልጫል። አንዳንዱ ደግሞ ውስጡ ያለው ድኝ በሙቀት ነሐስን ይበላል። ዛሬ ነሐስን የማይጎዱ ጂኤል-5 ዘይቶች መኖራቸው እውነት ነው። ቢሆንም የመኪናው መመሪያ ጂኤል-4 ብቻ ካለ፣ ጂኤል-4 ብቻ ነው።

መመሪያው ጂኤል-5 የሚልበት መኪናም አለ። ሱባሩ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሱባሩ ውስጥ ካምቢዮውና ሃይፖይዱ የፊት ዲፈረንሻል አንድ ዘይት ይጋራሉ፤ ስለዚህ አምራቹ ጂኤል-5 ያዛል። ሞተራቸው አግድም የተቀመጠ የፊት ጎማ ነጂዎች፣ እንደ አብዛኛው ኮሮላና ያሪስ፣ ዲፈረንሻላቸው ካምቢዮው ውስጥ ቢሆንም ጥርሱ ሃይፖይድ አይደለም። እነዚህን ጂኤል-4 ይበቃቸዋል። እንደ ዲኤክስ፣ ላዳና ሃይሉክስ ያሉት ደግሞ ካምቢዮውና የኋላ ዲፈረንሻሉ ለየብቻ ነው ዘይታቸው። ጋራዥ ሄዳችሁ "የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ቀይሩልኝ" ስትሉ ከአንዱ ጣሳ ለሁለቱም እንዳይቀዳ ቆማችሁ እዩ።

ወደ ውፍረቱ እንምጣ። 75ደብሊው-90 ሲል የፊተኛው ቁጥር በብርድ፣ የኋለኛው በሙቀት ያለውን ውፍረት ይናገራል። ይህ ቁጥር ከሞተር ዘይት ቁጥር ጋር አይወዳደርም፤ መለኪያቸው የተለያየ ነው። 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ሲሞቅ ውፍረቱ ከ40 እስከ 50 ቁጥር ካለው የሞተር ዘይት ጋር ይቀራረባል።

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ቀኑ ለብ ይላል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ግን ይነክሳል። እዚህ የሚነዳ ሰው 75ደብሊው-90 ቢይዝ ጠዋት ማርሹ ይቀልለታል። 80ደብሊው-90ም መኪናውን አይጎዳም፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ግን ከበድ ይላል። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም መተማ ለሚውል መኪና ብርዱ ጉዳይ አይደለም፤ እዚያ ዋናው የኋለኛው ቁጥር ነው።

መመሪያው 75ደብሊው-85 ብሎ፣ ካምቢዮው አርጅቶ "እምምም" የሚል ከሆነስ? አንድ እርከን ብቻ ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ 75ደብሊው-90 መሄድ ድምፁን ሊያለዝበው ይችላል፤ ጂኤሉ ግን እንዳይለወጥ። ከዚያ በላይ አትሂዱ። 85ደብሊው-140 የከባድ መኪና ዲፈረንሻል ዘይት ነው። የእኔ ቀለበት የተበላው በእሱ ነው።

ሦስት ነገሮችን ደግሞ ከካምቢዮ አርቁ። ጣሳው ላይ ኤልኤስ የሚል ካለ፣ ያ ለልዩ ዲፈረንሻል የተሠራ ነው፤ ሲንክሮናይዘሩን ያንሸራትተዋል። ኤምቲ-1 የሚለው ሲንክሮናይዘር ለሌላቸው ከባድ መኪኖች ነው። "ድምፅ ያጠፋል" እየተባለ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውንም ተዉት።

አምስተኛ፦ የእናንተን መኪና ቁጥር ማግኘት

የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ካለ እሱ ከእኔም ከመካኒኩም ይበልጣል። ከጃፓን የመጣ ከሆነና መጽሐፉ በጃፓንኛ ከሆነም ቁጥሮቹ ያው ናቸው፤ ጂኤልና ደብሊው የሚሉትን ፊደሎች ፈልጉ። መጽሐፍ ከሌለ የቶዮታ ቦኔት ሥር ወይም በር አካባቢ ያለው የብረት ሰሌዳ ላይ የካምቢዮው መለያ ኮድ ተጽፏል። በዚያ ኮድ ፈልጉ። የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃም፤ አንድ ዓይነት መኪና የተለያየ ካምቢዮ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ሁሉም ማንዋል የካምቢዮ ዘይት አይፈልግም። የቆዩ ሆንዳዎች የሞተር ዘይት፣ አንዳንድ ሌሎች ደግሞ ኤቲኤፍ፣ ማለትም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይጠቀማሉ። እነዚህ ላይ 90 መሙላት ማርሹን ድንጋይ ያደርገዋል።

ስትገዙ የጣሳውን ማሸጊያ አጣሩ። ክዳኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት ያልተቆረጠ፣ የምርት ቁጥሩ በግልጽ የታተመ ይሁን። በልቅ ከበርሜል የሚቀዳ የካምቢዮ ዘይት አልገዛም፤ ጂኤሉ ምን እንደሆነ ሻጩም አያውቅም። እንደ ኮሮላ ላለ መኪና ሁለት ሊትር አካባቢ ይበቃል።

ስድስተኛ፦ መቀየሩ

ሃያ ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ዘይቱ ሲሞቅ መኪናውን አቁሙና ከማፍሰሻው በፊት የመሙያውን ብሎን ፍቱ። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ የመሙያው ይቅደም። አንድ ሽማግሌ መካኒክ "ልጄ፣ መግቢያውን ሳታይ መውጫውን አትክፈት" ብለውኝ ነበር። የመሙያው ብሎን ዝጎ እንቢ ካለ አሮጌው ዘይት እንኳን ውስጥ አለ። ማፍሰሻውን አስቀድማችሁ ከፈታችሁ ግን ባዶ ካምቢዮ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ከዚያ ዘይቱን እንደሞቀ አፍስሱ፤ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ግን አያቃጥላችሁ። ጠብታው እስኪያቆም ጠብቁ። ማግኔቱን ጥረጉ። የብሎኑን ሮንዴላ በአዲስ ቀይሩ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ መንጠባጠብን ግን ያስቀራል። ብሎኑን በልክ አጥብቁ። የካምቢዮው ቤት አሉሚኒየም ስለሆነ በጉልበት ከጠበቀ ጥርሱ ይላጫል። ከዚያ በረጅም ላስቲክ ቱቦ ወይም በትልቅ መርፌ ቀስ ብላችሁ ሙሉ። ከመሙያው ቀዳዳ ተመልሶ መፍሰስ ሲጀምር ቁሙ፤ ትርፉ እስኪወርድ ጠብቁና ዝጉ። "ትንሽ ጨመር ላድርግለት" አትበሉ፤ ትርፍ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ በዘይት ማገጃ ጎማውም በኩል ይወጣል።

አሮጌውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉት። ጠርሙስ ውስጥ መልሳችሁ ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ።

ከዚያስ?

ጂኤል-5 ወይም 140 ተሞልቶ ከነበረና አሁን ትክክለኛው ከገባ፣ የማርሹ አገባብ በጥቂት ቀናት ሲለወጥ ይሰማችኋል። እንዲያውም ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ ቢቀየር ጥሩ ነው፤ ጥግ ጥጉ ላይ የቀረውን አሮጌ ዘይት ያጥበዋል። ከዚያ በኋላ ከ40,000 እስከ 80,000 ኪሎ ሜትር ባለው መሀል መቀየር ይበቃል። አቧራና ጎርፍ የሚበዛበት መንገድ የምትነዱ ከሆነ ወደ ታችኛው ቁጥር ተጠጉ።

የኩሽኔታው "እርርር" ግን በትክክለኛው ዘይትም ካልቀነሰ አትጠብቁ። የተበላ ኩሽኔታ ዘንጉን ያወዛውዛል፤ የተወዛወዘ ዘንግ ጥርስ ይበላል፤ ጥርስ ሲሰበር የካምቢዮው ቤት ሊቀደድ ይችላል። ዛሬ አንድ ኩሽኔታና የመካኒክ ድካም የሆነው ወጪ፣ ከወራት በኋላ የሙሉ ካምቢዮ ዋጋ ይሆናል። እኔ ኩሽኔታውንና ቀለበቱን አስቀይሬ፣ 75ደብሊው-90 ጂኤል-4 ሞልቼ፣ ኪሎ ሜትሩን በወረቀት ጽፌ ቦኔቱ ሥር ለጠፍኩት። ኮሮላዋን እስክሸጣት ድረስ ሁለተኛ ማርሽ በብርድም ሳይከብደኝ ይገባ ነበር።